ከኮባ እስከ ፌስታል
(የአንድ ተራ የገበያ ዕቃ ታሪክ)

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የንጉሥ ስምና የጦር ሜዳ ነው። የካዎ ጦናን ስም የማያውቅ የወላይታ ልጅ አይገኝም። አያቱ ገበያ ስትወጣ ዕቃዋን በምን ይዛ ትመለስ እንደነበር የሚነግረን ግን ስንቱ ነው? ሰፊው ሕዝብ በየሳምንቱ የሚኖረው ታሪክ እኮ ይኸኛው ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ነገሥታት ሳይሆን ስለ ከረጢት ልጽፍ ነው። አትሳቁ።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለ ደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ እኛ ፌስታል የምንለውን የፕላስቲክ ከረጢት ማምረትንም፣ ማስገባትንም፣ መሸጥንም፣ መጠቀምንም ይከለክላል። ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። እንግዲህ ቦይና ሸጣ የምታድር አንዲት እናት ስለ አንድ ፌስታል የስንት ገበያ ትርፏን ልታጣ እንደምትችል አስቡት። ፌስታል ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎ መከራከር ዛሬ ጊዜ ማባከን ነው። ትልቁ ጥያቄ፣ እዚህ እንዴት ደረስን? በየትኛው መንገድስ እንወጣለን? የሚለው ነው።

ፌስታል ከመምጣቱ በፊት ባዶ እጁን ገበያ የሚወጣ ገዢ አልነበረም። እህሉ በስልቻና በአቁማዳ፣ ወተቱ በቅል፣ ቅቤው በኮባ ነበር የሚያዘው። ኮባ ማለት የእንሰት ቅጠል ነው። ወላይታ እንሰትን «ኡታ» ይለዋል። የዚህን ተክል ውለታ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ግንዱና ሥሩ ምግብ ይሆናል፤ ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ የሚብላላው በዚያው በኮባ ተሸፍኖ ነው። ሲፋቅ የሚተርፈው ጭረት ደርቆ ቃጫ ይሆናል፤ ቃጫው ይገመድና ገመድ ይወጣዋል። ቅጠሉ ደግሞ ጠቅልሎ ገበያ ያደርሳል። ቅቤ ዛሬም ቢሆን በኮባ ተጠቅልሎ ሲሸጥ እናያለን። ሥራውን ሲጨርስ ወይ ላም ትበላዋለች፣ ወይ ጓሮ ተጥሎ መልሶ እንሰቱን ያዳብራል። «ቆሻሻ» የሚባል ነገር በመካከሉ የለም።

ይህን ስል ግን ያለፈውን ዘመን ገነት ላስመስል አይደለም። ያ ሁሉ ዕቃ በነጻ አልመጣም። እንሰቱን ጎንበስ ብላ የምትፍቀው ሴት ናት፤ ቃጫውም የእሷ የወገብ ሕመም ነው። ስልቻ እንዲኖር ፍየል መታረድ፣ ቆዳው መልፋት አለበት። ቆዳ የሚያለፋውና ሸክላ የሚሠራው ወገናችን ደግሞ በወላይታም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ሲናቅ የኖረ ሰው ነው። እሱ የሠራውን ይዘን እየኖርን እሱን ከማዕዳችን አራቅን። ይህን ሳይናገሩ ስለ ቅድመ አያቶቻችን ጥበብ ብቻ መዘመር ታሪክን መስረቅ ነው። እንግዲህ ዕቃው ዋጋ ነበረው፤ የሰው ድካም ነበረበት። ዋጋ ስለነበረው ስልቻው ሲቀደድ ይጠቀማል፣ ቅሉ ሲሰነጠቅ ይሰፋል እንጂ ማንም አውጥቶ አይጥለውም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ማዳበሪያ ነው። በ1962 ዓ.ም. ግድም በዓለም ባንክ ርዳታ የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ «ዋዱ» የተባለው፣ ሥራ ጀመረ። ዋዱ ለገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያድል ነበር። ገበሬው ማዳበሪያውን ማሳው ላይ በተነ፤ ከረጢቱን ግን ቤቱ አስቀመጠ። በመላው አገራችንም የሆነው ይኸው ስለሆነ ዛሬ «ማዳበሪያ» ስንል ማሳ ላይ የሚበተነውን ሳይሆን ከረጢቱን ማለታችን ነው። «አንድ ማዳበሪያ ድንች» ሲባል ግር የሚለው ሰው የለም። ይዘቱ ስሙን ለመያዣው አውርሶ አለፈ! በ1977 ዓ.ም. የድርቅ ዘመንም የርዳታ እህል በመጣበት ጆንያ እንዲሁ ሆነ። እህሉ አለቀ፤ ጆንያው ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ የዝናብ መከለያ ሆኖ ዓመታት ኖረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያ ነጩ የማዳበሪያ ከረጢት ራሱ ፕላስቲክ ነው። ማዳበሪያና ፌስታል የአንድ ነዳጅ ልጆች ናቸው። ታዲያ አንደኛው ታጥቦ፣ ተጣፍቶ፣ ዝንጅብልና ቦይና ተሸክሞ ዓመት ከዓመት ሲመላለስ፣ ሌላኛው ከገበያ እስከ ቤት ባለው መንገድ ብቻ አገልግሎ ቦይ ውስጥ የሚገባው ለምንድን ነው? ነገሩ የተሠራበት ቁስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እኩል በተጣሉ ነበር። ልዩነቱ ዋጋ ነው። ለማዳበሪያ ከረጢት ገዢ አለ፤ ለአሮጌ ፌስታል ግን ማንም ሳንቲም አይሰጥም።

ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢትሊን በ1933 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ላቦራቶሪ ውስጥ ሌላ ነገር ሲሞከር በአጋጣሚ የተገኘ ነው። ባለ ሁለት ጆሮውን ከረጢት የፈጠረው ደግሞ ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው፤ የፈጠራው መብት በ1965 እ.ኤ.አ. ተመዘገበ። አስገራሚው ነገር፣ ልጁ እንደተናገረው ቱሊን ራሱ አንድ ፌስታል አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ይይዝ ነበር። ደጋግሞ ይጠቀምበት ነበር ማለት ነው። ፈጣሪው ያጠፈውን ተጠቃሚው ጣለው። ለምን ቢባል ነጋዴው በነጻ ሰጠዋ! በነጻ የመጣን ነገር ማን ያጥፋል?

ወደ እኛ አገር ፌስታል የገባውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ንግዱ ነጻ ከሆነ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በየሱቁ፣ በየጉሊቱ ተስፋፋ። የሩብ ኪሎ ስኳር፣ የአንድ እስር ጎመን፣ የአንድ ዳቦ መያዣ ሆነ። የቀድሞዋ ዘንቢል ቀስ በቀስ ከምሶሶው ላይ ተረሳች። ባዶ እጅ ገበያ መውጣት ሥልጣኔ መሰለን።

በየሰፈሩ እየጮኸ የሚያልፈውን ቆራሌው ተመልከቱት። ጠርሙስ ይገዛል፣ ቆርቆሮ ይገዛል፣ አሮጌ ማዳበሪያ ይገዛል፣ ሃይላንድ እንኳ በኪሎ ይለቀማል። ፌስታል ግን አይነካም። በመሠረቱ ከተማችንን በነጻ የሚያጸዳው ቆራሌው ነው፤ እሱ የሚያነሣውም ዋጋ ያለውን ብቻ ነው። የቀረውን ጎርፍ ይወስደዋል። ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ የላይኛው ሰፈር የጣለው ታች ይወርዳል፣ ከታች ደግሞ ገበሬው ማሳ ላይ ያርፋል። የእርሻ መሬት በእጅጉ በጠበበበት በወላይታ ምድር አንድ ጥማድ አፈር በፌስታል ሲታፈን ቀላል ነገር አይደለም። ከብቱም ይበላዋል። ከታረዱ ከብቶች ጨጓራ ፌስታል እንደሚወጣ የአገራችን የእንስሳት ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። በድልብ በሬው ለሚኮራ ሕዝብ ከዚህ የባሰ ምን አለ? እንግዲህ «ነጻ» የተባለው ፌስታል ነጻ አልነበረም። ሒሳቡን የከፈለው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም ገበያ ውስጥ ያልነበረ ሰው።

መንግሥት ዝም ብሎ አልኖረም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። የእኛም ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው፤ ሕጉና ግቢያችን እኩዮች ናቸው ማለት ነው። ግን ለመሆኑ የፌስታልን ውፍረት በሚሊ ሜትር የሚለካ ባለ ሱቅ ማን አይቶ ያውቃል? የማይታይ ነገር የሚከለክል ሕግ የማይታይ ሆኖ ቀረ። 18 ዓመት ቆይቶ ሌላ አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ ምስክር ነው።

ሌላውስ ዓለም? ባንግላዴሽ በ2002 እ.ኤ.አ. ስስ ፌስታልን ከለከለች። ምክንያቷ ጎርፍ ነው፤ በ1988ና በ1998 በደረሰው ከባድ ጎርፍ ቦዮቹ በፌስታል ተደፍነው ውኃው መውጫ አጥቶ ነበር። ይሁንና ክልከላው ወረቀት ላይ ጠንክሮ ገበያ ላይ ላላ። በዚያው ዓመት አየርላንድ ሌላ መንገድ ያዘች። አልከለከለችም፤ ገዢው በአንድ ከረጢት 15 ሳንቲም ሒሳብ መክፈያው ላይ እንዲከፍል አደረገች። ገንዘቡም ለአካባቢ ጥበቃ እንዲውል ወሰነች። አጠቃቀሙ ወዲያው 90 በመቶ ያህል ቀነሰ። 15 ሳንቲም ያንን ሕዝብ አላደኸየውም፤ «ለመሆኑ ያስፈልገኛል?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረገው እንጂ። ደቡብ አፍሪካ በ2003 እንዲሁ ጀምራ ነበር። መጀመሪያ አጠቃቀሙ ቀነሰ፤ ኋላ ዋጋው ዝቅ ሲደረግ ሰውም ለመደውና ወደ ቀድሞው አዘነበለ። ዋጋ የሚያስተምረው እስከተሰማ ድረስ ብቻ ነው።

ይህን ሶዶ ላይ አምጥተን እንየው። አንዳንዱ ሰው «እኛ ጋ እኮ ፌስታል ድሮም ይሸጣል» ይላል። እውነት ነው። ኩርቱ ፌስታል በክንዱ አንጠልጥሎ «ፌስታል! ፌስታል!» እያለ በሰው መካከል የሚሽሎከለክ ልጅ በየገበያው አለ። ግን ዋጋው ከሸቀጡ አንጻር ኢምንት ስለሆነ ማንም ከቤቱ ዘንቢል ይዞ እንዲወጣ አያስገድድም። በዚያ ላይ የተከፈለው ገንዘብ ለነጋዴውና ለአምራቹ እንጂ ለቦዩ ጠረጋ አይደርስም። ለልጁ የምትደርሰው የደብተር መግዣ ብትሆን ነው። ሕግ አስከባሪ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚሮጠው እሱ ነው፤ ፋብሪካው አይሮጥም።

እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ሁሉ ታሪክ ትምህርት አንድ ነው። ሰው የሚንከባከበው ዋጋ ያለውን ዕቃ ነው። ስለዚህ ክልከላው ብቻውን አይበቃም፤ ተተኪው ዕቃ ከክልከላው እኩል ገበያ መድረስ አለበት። ተተኪው ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ቃጫው አለ፣ ኮባው አለ፣ አቡጀዲው አለ፣ አሮጌው ማዳበሪያም አለ። ገበያ ዳር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውለው ልብስ ሰፊ ከአንድ አሮጌ ማዳበሪያ ስንት መያዣ ይወጣዋል? ፌስታል አዟሪው ልጅ ነገ ያንን ቢሸጥ ምን ይጎድልበታል? ቅጣትም የግድ ከሆነ ከጉሊቷ እናት ሳይሆን ከአምራቹና ከጅምላ ነጋዴው ይጀመር። ለመያዣ ዋጋ የሚከፈል ከሆነም ገንዘቡ የት እንደገባ በይፋ ይነገረን።

እኛስ ወንድሞቼና እኅቶቼ? የመኝታ ክፍላችንን በር ጀርባ እንይ። እዚያ ላይ የተንጠለጠለው የፌስታል ክምር የማን ነው? የሕግና የምጣኔ ሀብት ተማሪው ስለ አዋጁ ሲከራከር አምሽቶ፣ ሁለት ሙዝ በሁለት ፌስታል ይዞ ይመለሳል። እኔም አንዱ ነበርኩ። አሁን ከቤት ስመጣ በቆሎ የያዝኩበትን ማዳበሪያ ለልብስ ሰፊው ሰጥቼ ባለ ማንገቻ መያዣ አሰፍቻለሁ። መልኩ አያምርም፤ የፋብሪካው ጽሑፍም ጎኑ ላይ ተገልብጦ ይነበባል። ያየ ሁሉ ይስቃል። ከሳቁት መካከል ግን ሁለቱ ባለፈው ሳምንት የልብስ ሰፊውን ቦታ ጠይቀውኛል።