መጨናነቁ ከሽቦው ወደ ማኅደሩ ሲዛወር፦ የኤተርኔት ታሪክ በሐኪም ዓይን

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ በምሠራበት አንድ የጤና ተቋም፣ ሳንባቸው ላይ ትንሽ ኖዱል የታየባቸው አዛውንት ከዓመት በኋላ ለክትትል ተመልሰው መጡ። አዲሱ የሲቲ ምስል በሴኮንዶች ውስጥ ኮምፒዩተሬ ላይ ደረሰ። ያለፈው ዓመት ምስል ግን አልተገኘም፤ ዲስኩ ሲሞላ ለአዳዲሶቹ ቦታ ለመልቀቅ ተሰርዟል። ማወዳደሪያ በሌለበት «አድጓል» ወይም «አላደገም» ማለት ስለማይቻል፣ አባት ሌላ ስድስት ወር በሥጋት መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። መደርደሪያው ስለሞላ የታካሚ ካርድ ይጣል የሚል የካርድ ክፍል ሠራተኛ ግን እስካሁን አላየሁም።

ሲቲ ስካንና ኤተርኔት የዕድሜ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። በ1971 (እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፤ ቀጥሎ ያሉትም እንዲሁ) ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ታካሚ ሲነሣ ምስሉ 80 በ80 ነጥብ ብቻ ነበር። በ1973 ሮበርት ሜትካፍ በካሊፎርኒያው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል ሳለ የኤተርኔትን ሐሳብ በጽሑፍ አቀረበ፤ የመጀመሪያው ፍጥነት በሴኮንድ 2.94 ሜጋቢት ነበር። በ1980 የወጣው መስፈርት 10 ሜጋቢት ደረሰ። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሮች ሁሉ አንድ ወፍራም ኬብል ይጋሩ ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ቢልኩ መልእክታቸው ይጋጫል፣ ጥቂት ቆይተውም እንደገና ይሞክራሉ። ለደብዳቤ ይበቃ ነበር። በ1985 የወጣው የራዲዮሎጂ ምስል መለዋወጫ መስፈርትም ሁለት መሣሪያዎችን በቀጥታ በኬብል ከማገናኘት አላለፈም፤ ኔትወርክን ያካተተው በ1993 የመጣው ዳይኮም ነው።

ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ተጣደፈ፦ በ1995 100 ሜጋቢት፣ በ1998 ጊጋቢት በፋይበር፣ በ1999 ጊጋቢት በመዳብ ሽቦ፣ በ2002 አሥር ጊጋቢት። የጋራው ኬብል ቀርቶ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ወደ ስዊች የሚያደርሰው የራሱ መስመር አገኘ። የመዳቡ መስመር ከ100 ሜትር እንዳይበልጥ በመወሰኑም የስዊቹ ቦታ ከሕንፃው ንድፍ ጋር አብሮ የሚታሰብ ሆነ፤ ራጅ ክፍሉ ከተኝቶ ታካሚዎች ሕንፃ ከራቀ በመካከል ፋይበር ይዘረጋል።

አንድ ሺህ ቁራጭ ያለው የሲቲ ምርመራ 500 ሜጋባይት ያህል ነው። መስመሩ ሌላ ሥራ ከሌለበት በ10 ሜጋቢት ከስድስት ደቂቃ በላይ፣ በ100 ሜጋቢት 40 ሴኮንድ፣ በጊጋቢት 4 ሴኮንድ ይፈጃል። ሆኖም ጊጋቢት ማለት በሴኮንድ 125 ሜጋባይት ነው፤ አንድ ተራ ተሽከርካሪ ዲስክ መጻፍ የሚችለውም ከዚሁ ብዙ አይርቅም። አሥር ጊጋቢት ላይ ዲስኩ ወደ ኋላ ስለሚቀር ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ ማሠራት ይጠይቃል። መላኩ ሲቀል ደግሞ ቀጫጭን ቁራጮችን ሁሉ ማስቀመጥ ልማድ ይሆናል። በቀን 20 እንዲህ ያለ ምርመራ የሚሠራ ተቋም በ300 የሥራ ቀናት 3 ቴራባይት ያከማቻል፤ መጠባበቂያ ቅጂ ሲታከልበት 6። የእኛን ኔትወርክ ስናስዘረጋ ይህን ስሌት የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በ2007 የፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ የሙከራ ሥራ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ከሕንድ ሐኪሞች ጋር አገናኝቶ ነበር። ወደ ሩቅ የሚወጣው መስመር ግን ከግቢው ኤተርኔት የጠበበ በመሆኑ፣ የምስሉ ዋና ማኅደር እዚያው ተቋሙ ውስጥ መሆኑ አልቀረም።

ለአዛውንቱ ሁለተኛውን ምስል በሲዲ ቀድቼ ሰጠኋቸው። ከስድስት ወር በኋላ በፌስታል ጠቅልለው ይዘውት መጡ። ኖዱሉ አላደገም ነበር።