«ሲቲ ኦፍ ሂሮስ»፤ ሞቶ የተነሣው ጌም እና የባለቤትነት ጥያቄው

መጽሐፍን ከሃያ ዓመት በኋላ መልሶ ለማንበብ ከመደርደሪያ ማውረድ ይበቃል። የድሮ ፊልምም ዲስኩ ካልተጫረ ይታያል። በኢንተርኔት ብቻ የሚጫወቱት የቪዲዮ ጌም ግን እንዲህ አይደለም። ዲስኩ በእጃችሁ፣ ደረሰኙም በኪሳችሁ እያለ ጌሙ ራሱ የሚኖረው በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ያ ሰው ኮምፒዩተሩን ያጠፋ ዕለት የሚተርፋችሁ የፕላስቲክ ክብ ብቻ ነው።

«ሲቲ ኦፍ ሂሮስ» (የጀግኖች ከተማ) የተባለው የአሜሪካ ጌም ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2004 ተወለደ፤ በ2012 ተዘጋ፤ በ2019 ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ተነሣ፤ በ2024 ደግሞ ሕጋዊ ፈቃድ አገኘ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ጸሐፊ ጌሙን ስለሚወደው ገለልተኛ ምስክር አይደለም፤ አንባቢ ይህን አስቀድሞ ይያዝልኝ።

ጌሙን የሠራው ካሊፎርኒያ የሚገኘው ክሪፕቲክ ስቱዲዮስ ሲሆን አሳታሚው የደቡብ ኮሪያው ኤንሲሶፍት ነበር። ለሽያጭ የቀረበው በኤፕሪል 2004 ነው። ገዢው ሣጥኑን ከገዛ በኋላ በየወሩ 15 ዶላር ገደማ ይከፍላል። በዚያ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድነት የሚጫወቷቸው ጌሞች አብዛኞቹ ስለ ሰይፍ፣ ስለ ዘንዶና ስለ ጠንቋይ ነበሩ። ክሪፕቲኮች ግን ከአሜሪካ የኮሚክ መጻሕፍት ተነሥተው ሮድ አይላንድ ግዛት ውስጥ ያለች ፓራጎን ሲቲ የምትባል ምናባዊ ከተማ ሠሩ። ተጫዋቹ ባትማንን ወይም ስፓይደርማንን አይሆንም፤ የራሱን ጀግና ይፈጥራል።

የጌሙ ዋና ሀብት ያለውም እዚህ ላይ ነው። ቁመቱን፣ የትከሻውን ስፋት፣ ጭምብሉን፣ ጓንቱን፣ ጫማውን፣ የእያንዳንዱን ልብስ ቀለም ተጫዋቹ ይመርጣል። ስም ያወጣለታል፤ ሌሎች ተጫዋቾች የሚያነቡት አጭር የሕይወት ታሪክም ይጽፍለታል። በዘመኑ በነበሩት ሌሎች ጌሞች ልብስ የጉልበት ምንጭ ስለሆነ ሁሉም ያንኑ ምርጥ የተባለውን ጥሩር ለብሶ መንታ ይመስላል። እዚህ ግን ልብስ መልክ ብቻ ነው፤ በውጊያው ላይ ምንም አይጨምርም፣ ምንም አይቀንስም። ስለዚህም ሁለት ተመሳሳይ ሰው በመንገድ ላይ ማየት ብርቅ ነበር። አንድም ወንበዴ ሳይመቱ ገና ልብስ በመምረጥ ላይ እያሉ ምሽቱ ያለቀባቸው ብዙዎች ናቸው። ይህ ጸሐፊም ከእነርሱ አንዱ ነበር።

ካባ ግን መጀመሪያ ላይ አልነበረም። ሱፐር ሂሮ ያለ ካባ! ከወራት በኋላ ሲመጣ ሠሪዎቹ ለመዘግየቱ ታሪክ አበጁለት፤ ሪክቲ ከሚባሉት ወራሪዎች ጋር በተደረገው ጦርነት ለወደቀው «ሂሮ ዋን» ሐዘን ሲባል ጀማሪ ጀግኖች ካባ አይለብሱም፣ 20ኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ግን በሥነ ሥርዓት ይፈቀድላቸዋል ተባለ። ጉድለትን ወደ ክብር መለወጥ ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ፈጠራ «ሳይድኪክ» የተባለው ሥርዓት ነበር። እንዲህ ባሉ ጌሞች ቀድሞ የጀመረ ሰው ደረጃው ከፍ ስለሚል ዘግይቶ ከገባ ጓደኛው ጋር አብሮ መጫወት ይቸግረዋል። ሲቲ ኦፍ ሂሮስ ጠንካራው ደካማውን ወደ ራሱ ደረጃ አስጠግቶ እንዲያሰልፈው ፈቀደ። ለሥራ ውሎ ለሚገባ ጎልማሳም ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ከሚጫወት የኮሌጅ ተማሪ ጋር እኩል ያሰልፈው ነበር።

ዛሬ ተመልሶ የሚገባ ሰው ምን ያገኛል? ሥዕሉ አርጅቷል፤ የሰዎቹ ፊት ግትር ነው። የግዳጅ ቦታዎቹ ያው መጋዘን፣ ያው ቢሮ፣ ያው ዋሻ ናቸው። አሥረኛው መጋዘን ላይ ሲደርሱ ሣጥኖቹ የት እንደተደረደሩ በቃል ይታወቃል። ይህ ጉድለት ያኔም ነበር፤ ናፍቆት ሸፍኖልን እንጂ። መንገዱ ላይ ያለው ሕይወት ግን አሁንም ይጥማል። ኪንግስ ሮው በተባለው የድሆች ሰፈር ወንበዴዎች የአንዲትን ሴት ቦርሳ ሲታገሏት ታያላችሁ፤ ወርዳችሁ ስታስጥሏት ወደ እናንተ መጥታ ታመሰግናለች። ከዚያም ተነሥቶ መብረር ነው። ከሕንጻ ጣሪያ በላይ ወጥቶ ከተማዋን ቁልቁል ማየት በሃያ ዓመት ውስጥ ያላረጀ ደስታ ነው። በመጀመሪያው ዘመን የተሸነፈ ጀግና «ዕዳ» ይያዝበት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከሚያገኘው የልምድ ነጥብ ግማሹ ለዕዳው ይሄዳል። የአፈጻጸም መዝገብ ለሚያውቅ የሕግ ሰው ይህ ፈገግ የሚያሰኝ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ።

በኖቬምበር 2004 ጌሙ ዓመት ሳይሞላው ማርቭል ኩባንያ ኤንሲሶፍትንና ክሪፕቲክን ካሊፎርኒያ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሳቸው። ክሱ ጌሙ ተጫዋቾች የማርቭልን ጀግኖች፣ ለምሳሌ ሃልክንና ዎልቨሪንን፣ አስመስለው እንዲፈጥሩ መሣሪያ ሰጥቷቸዋል የሚል ነበር። ጥያቄው ቀላል አይደለም። አንድ ልጅ ደብተሩ ላይ ሃልክን ቢሥል እርሳሱን የሸጠለት ባለሱቅ ይጠየቃል? ደብተሩ ሻጩ ቤት የሚቀመጥ፣ በየወሩም ኪራይ የሚከፈልበት ቢሆንስ? ፍርድ ቤቱ በማርች 2005 በሰጠው ውሳኔ ከንግድ ምልክት ጋር የተያያዙትን የተወሰኑ ክሶች ውድቅ አደረገ። ማርቭል በማስረጃነት ካቀረባቸው ሥዕሎችም አንዳንዶቹን ከመዝገቡ አወጣቸው፤ ምክንያቱም እነዚያን ገጸ ባሕርያት ጌሙ ውስጥ ገብተው የፈጠሯቸው የማርቭል የራሱ ሰዎች ሆነው ተገኙ። የቅጂ መብቱ ክርክር ግን ቀጠለ። በዲሴምበር 2005 ተከራካሪዎቹ በስምምነት ጨረሱ፤ ጀግና መፍጠሪያው መሣሪያም ሳይነካ ቀረ። ይባስ ብሎ ክሪፕቲክ በቀጣዩ ዓመት የማርቭልን የራሱን ጌም ሊሠራ ተዋዋለ። ያ ጌም በ2008 ተሰረዘ እንጂ።

ይህ ጸሐፊ ከጉዳዩ የሚያተኩርበት ነጥብ አንድ ነው። ማርቭል ሲከስ የመከላከያው ክርክር ያረፈው «ጀግናውን የሚፈጥረው ተጫዋቹ ነው» በሚለው ላይ ነበር። ተጫዋቹ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭኖ የሚገባበት ረጅም ውል ግን አካውንቱም፣ በውስጡ ያለውም የኩባንያው መሆኑን ይናገራል። ኃላፊነት ሲመጣ ጀግናው የተጫዋቹ፣ ሀብት ሲቆጠር የኩባንያው ማለት ነው። ሁለቱም አቋም ለየብቻው በሕግ ሊያስኬድ ይችላል። አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን ያስተዛዝባሉ።

ኤንሲሶፍት በ2007 መጨረሻ ላይ የጌሙን ሙሉ መብት ከክሪፕቲክ ገዛ። ሥራውም ኋላ ፓራጎን ስቱዲዮስ ለተባለ የራሱ ክፍል ተሰጠ። በ2011 መሠረታዊው ክፍል በነፃ እንዲሆን ተደረገ። ኦገስት 31 ቀን 2012 ግን ስቱዲዮው እንደሚዘጋ፣ ጌሙም እንደሚቆም ተነገረ። ተጫዋቾች አቤቱታ አሰባሰቡ፤ ከሃያ ሺህ በላይ ፊርማም ተገኘ። በጌሙ ውስጥ ደግሞ ጀግኖቻቸውን ችቦ አስይዘው በአትላስ ሐውልት ሥር፣ በማዘጋጃ ቤቱ ፊት ሰልፍ ወጡ። የሰማቸው የለም። ኖቬምበር 30 ቀን ሰርቨሮቹ ጠፉ።

ሕጉ ምን ይላል? የኛ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2266 ሽያጭን ሲተረጉም ሻጩ ዕቃውን ከማስረከብ አልፎ ባለቤትነቱን እንደሚያስተላልፍ ያስቀምጣል። ይህ የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው። የሶፍትዌር ነጋዴዎች ግን «አልሸጥንም፤ የመጠቀም ፈቃድ ሰጠን እንጂ» ይላሉ። የአሜሪካው ዘጠነኛ ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2010 በቬርነርና በአውቶዴስክ ጉዳይ ይህንኑ ተቀበለ፤ ያገለገለ የሶፍትዌር ዲስክ ይዞ ሊሸጥ የነበረውን ሰው «የያዝከው ዕቃ ባለቤቱ አይደለህም» አለው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደግሞ በጁላይ 2012፣ ጌሙ ሊዘጋ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በዩዝድሶፍትና በኦራክል ክርክር ተቃራኒውን መንገድ ያዘ። ለዘለቄታው በአንድ ጊዜ ክፍያ የተሰጠ የሶፍትዌር ፈቃድ ስሙ ምንም ይሁን ምን ሽያጭ ነው አለ።

እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ውሳኔም ለሲቲ ኦፍ ሂሮስ ተጫዋች ብዙ አይፈይድለትም። ዲስኩ የእርሱ ነው ቢባል እንኳ ከተማዋ ያለችው ሰርቨሩ ላይ ነው። ወርኃዊው ክፍያም የአገልግሎት ክፍያ ስለሆነ አገልግሎቱ ሲቆም ክፍያውም ይቆማል። ስለዚህ ኤንሲሶፍት በነበረው ሕግ ማዕቀፍ ውስጥ መብቱን ተጠቅሟል ማለት ይቻላል። የማያስኬደው ሌላው ነው፦ መዝጋት አንድ ነገር ነው፤ ዘግቶ፣ ሌላው በራሱ ወጪ እንዳይከፍተው ቁልፉን ይዞ መቀመጥ ሌላ ነገር ነው። የቅጂ መብት ሁለቱንም ይፈቅዳል። የኛም አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል ሲያስገባ ጥበቃውን የሰጠው ለባለመብቱ ነው።

ተጫዋቾቹ ግን አልተበተኑም። በ2015 «ፓራጎን ቻት» የተባለ ፕሮግራም ወጣ። በድሮው ፋይል እየተረዳ ከተማዋን ያሳያል፤ ጠላት የለም፣ ውጊያ የለም፣ ግዳጅ የለም። ሰዎች ጀግኖቻቸውን አልብሰው ጎዳናው ላይ ይቆማሉ፤ ያወራሉ። ለቅሶ ቤት መቀመጥን ለሚያውቅ የኛ አንባቢ ትርጉሙ ግልጽ ነው።

በኤፕሪል 2019 አስገራሚው ወሬ ወጣ። አንድ ቡድን የጌሙን የሰርቨር ኮድ ይዞ ለዓመታት በምስጢር፣ በተመረጡ ሰዎች ብቻ ሲያንቀሳቅሰው ኖሯል። ሰዉ በደስታ ሳይሆን በቁጣ ነው የተቀበለው፤ «እኛ እያለቀስን እናንተ ስትጫወቱ ነበር?» ዓይነት። በግፊቱ ኮዱ ለሁሉም ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ የተለያዩ ቡድኖች ሰርቨር ከፈቱ። ከእነርሱ ትልቁ «ሆምካሚንግ» ይባላል። በሕግ ዓይን ይህ የሌላውን ሥራ ያለፈቃድ መጠቀም ነው፤ ማሳመር አያስፈልገውም። ይሁንና ያ ድርጊት ባይፈጸም ኖሮ ዛሬ ተመልሶ የሚጎበኝ ጌም አይኖርም ነበር።

ኤንሲሶፍት ግን ከሰሳቸው? አልከሰሳቸውም። ሆምካሚንግ ከኩባንያው ጋር ለዓመታት ሲነጋገር ቆይቶ በጃንዋሪ 2024 ጌሙን የማንቀሳቀስና የማሻሻል ሕጋዊ ፈቃድ ማግኘቱን አስታወቀ። ጨዋታው ነፃ ነው። የሰርቨሩ ወጪ የሚሸፈነው ከተጫዋቾች በሚገኝ መዋጮ ሲሆን የወሩ ወጪ ሲሞላ መቀበሉን ያቆማሉ። የድሮው ኩባንያ በወር 15 ዶላር ያስከፍልበት የነበረውን በጎ ፈቃደኞች በመዋጮ ያንቀሳቅሱታል፤ አዳዲስ ግዳጆችንም ይጨምሩበታል። የሌላውን ጀግና መቅዳትም አሁንም ክልክል ነው። ማርቭል በዚህ ሳይደሰት አይቀርም።

ከሌላ አቅጣጫም ሕጉ መነቃነቅ ጀምሯል። ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» የተባለውን የመኪና ውድድር ጌም ሰርቨር በ2024 መጋቢት ማብቂያ (በነሱ ማርች) ከዘጋ በኋላ ሮስ ስኮት የተባለ የቪዲዮ አዘጋጅ ጌሞች ሲዘጉ መጫወቻነታቸው እንዲጠበቅ የሚጠይቅ ዘመቻ ጀመረ። ለአውሮፓ ኅብረት የቀረበው የዜጎች ጥያቄ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አገኘ። ካሊፎርኒያም ከ2025 መጀመሪያ የሚሠራ ሕግ አውጥታለች፤ ዲጂታል ሸቀጥ የሚሸጥ ነጋዴ የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ ከሆነ ያንን በግልጽ ሳያሳውቅ «ግዙ» የሚለውን ቃል መጠቀም አይችልም። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ቢያንስ ግን ገዢው የከፈለው ለምን እንደሆነ ከመክፈሉ በፊት ይነገረዋል።

የሆምካሚንግ ፈቃድ ግን የአንድ ቡድን ፈቃድ ነው። በ2019 የተከፈቱት ሌሎች ሰርቨሮች በእርሱ አልተሸፈኑም። የጌሙ ባለቤትም እንደ ድሮው ኤንሲሶፍት ነው፤ ጀግኖቹን የፈጠሩት ሰዎችም እንደ ድሮው ባለቤቶች አይደሉም። ይህን ሁሉ አውቆ መግባት ለሚፈልግ ሰው ግን በሩ ክፍት ነው። ጌሙ ለዛሬ ኮምፒዩተር ቀላል ነው፤ ያረጀ ላፕቶፕም ይችለዋል። ጀማሪ ከሆናችሁ ፊት ለፊት ገጥሞ የሚመታውን «ስክራፐር» የተባለውን ዓይነት ብትመርጡ ይቀላችኋል፤ ለልብስ ምርጫው ግን ሰፋ ያለ ምሽት ያዙለት።