ስለ ገንዳና ስለ ክረምት ዝግጅት፤ ከምዕራብ ጎጃም ቤት እስከ ጎንደር መዋኛ

የታሪክ መጻሕፍት ሕንፃን ያሠራውን ንጉሥ ስም ይነግሩናል፤ በያመቱ እየጠረገና እየጠገነ ያቆየውን ሰው ግን አያነሡም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው የዚህን ጠባቂ ሥራ፥ ይኸውም የመታጠቢያ ገንዳን ጉዳት ሳይደርስበት አስቀድሞ የመጠበቅን ነገር ነው።

በመጀመሪያ ክረምት የሚለውን ቃል መለየት ያስፈልጋል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ክረምት ውሃ ወደ በረዶ የሚለወጥበት ወራት ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ከመቶ 9 ያህል ስለሚሰፋ በውስጡ የቀረበትን ቧንቧ ይሰነጥቃል። ስለዚህ በዚያ አገር በቤቱ የሙቅ ውሃ ገንዳ ያለው ሰው ብርዱ ሳይገባ ውሃውን ከገንዳውም ከቧንቧውም አሟጦ ያፈስሳል፤ አለዚያም ገንዳውን ከድኖ ውሃው እየሞቀ እንዲዘዋወር ያደርጋል። በምዕራብ ጎጃም ግን ውርጭ የሚወርደው በደጋው፥ ሰማይ በጠራበት በበጋ ሌሊት ነው፤ የክረምቱ ጠላት ዝናብ፥ ጎርፍና ደለል ነው። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ገበሬ ይህን ስለሚያውቅ ዝናቡ ሳይበረታ ክዳኑን ይጠግናል፥ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቀድዳል፥ ማገዶውን ከጣራ በታች ያስገባል። ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚሠራው ሥራ ድካሙ እጥፍ፥ ጥቅሙ ግማሽ ነው።

ይኸው ሕግ ለገበሬ ጎጆ ብቻ ሳይሆን ለነገሥታትም ሕንፃ የሚሠራ መሆኑን ከጣና በስተ ሰሜን፥ በጎንደር እናያለን። በልማድ የዐፄ ፋሲል (ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. የነገሡት) የሚባለው መዋኛ ውሃውን ከቀሃ ወንዝ ያገኛል። ገንዳው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ሆኖ ከርሞ ለጥምቀት፥ ጥር 11 ቀን፥ ይሞላል። እንግዲህ በዓሉ ራሱ የምርመራ ቀን ሆኗል ማለት ነው። ውሃው ከመግባቱ በፊት ወለሉ መጠረግ፥ መግቢያው መከፈት፥ ክረምቱ የፈጠረው ስንጥቅ መታየት አለበት፤ የሚያፈስ ገንዳ ለበዓል አይሞላምና። በግንቡ ላይ የተጠመጠሙት የዛፍ ሥሮች ደግሞ ሌላውን ነገር ያስተምሩናል። ሥር ገና ቀጭን ሳለ በቀላሉ ይነቀላል፤ ከወፈረ በኋላ ግን ድንጋዩን ፈልቅቆም ደግፎም ስለሚይዝ በችኮላ ቢቆርጡት ግንቡን ይዞ ይወድቃል።

በፋሲል ግቢ ውስጥ የሚገኘው የእንፋሎት መታጠቢያ እንዲህ ያለ የታወቀ ቀን የለውም። ዛሬ እሳት አይነድበትም፤ በያመቱ የሚመረምር በዓልም የለውም፤ ተመልካች ብቻ ይጎበኘዋል። ከጎንደር ሕንፃዎች አንዳንዶቹ በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) በሲሚንቶ ተጠግነው ነበር። ሲሚንቶ ግን እርጥበትን በቀላሉ ስለማያሳልፍ በኖራ የተሠራውን የቀድሞ ግንብ እርጥበት እንዳይወጣ ያፍነዋል። ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ተስማሚ ያልሆነው ጥገናም ኋላ ተነሥቶ በኖራ ተተክቷል። ስለዚህ አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ተሠራ።

ከዚህ የምንደርስበት አሳብ ይህ ነው፤ ሕንፃን የሚያቆየው የድንጋዩ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ጥገናው የታወቀ ቀንና የታወቀ ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። የቡሬ ገበሬ ቀኑን ከደመናው ያውቃል፤ መዋኛውም ቀኑን ከበዓሉ አግኝቷል። ቀን ላልተቆረጠላቸው ቅርሶቻችን ቀን የሚቆርጥ ማን ነው? ተማሪዎች በየአገራቸው የጠባቂዎችን ሥራ ከሽማግሌዎች እየጠየቁ ቢመዘግቡ መልሱ ከዚያ ሊጀመር ይችላል እንላለን።