ሐውልቶቻችን ያልቆጠሯቸው

ባለፈው ጥር ከዋሽንግተን የመጣውን የእኅቴን ልጅ ይዤ የአዲስ አበባን የጦርነት መታሰቢያዎች ሳስጎበኝ ዋልሁ። ታሪክ ማስተማር ከጀመርሁ ዓመታት ተቆጥረዋልና አስጎብኚነቱ የሚከብደኝ አልመሰለኝም ነበር። ዕቅዳችን ከስድስት ኪሎ ተነሥተን በእግር ቁልቁል እስከ ጥቁር አንበሳ መውረድ ነበር።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት ፋሺስቶች የከተማውን ሕዝብ በጥይት፣ በአካፋና በእሳት ፈጁት። ይህን ሁሉ ሐውልቱ ሥር ቆሜ አስረዳሁት። ልጁ በዙሪያው ያሉትን የነሐስ ቅርፆች እያየ አንድ ጊዜ ዞረ፤ ደግሞ ዞረ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ስማቸው የት ነው የተጻፈው?» አለኝ።

«የማን?» አልሁት። «የሞቱት» አለኝ።

ልጁ አልተሳሳተም። ባደገበት ከተማ በቬትናም ለሞቱት አሜሪካውያን በቆመው ጥቁር ግድግዳ ላይ ከ58 ሺሕ በላይ ስሞች ተቀርፀዋል። እኛ ዘንድ ስሙ ይቅርና ቁጥሩም አልጠራም። ከድል በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት የየካቲቱን ሰለባዎች 30 ሺሕ አላቸው፤ ኢያን ካምቤል የተባለው ተመራማሪ በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ወደ 19 ሺሕ ያወርዳቸዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ትንሽ ከተማ ያህላል። በአንጻሩ ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጦር 6,037 እንደነበረ፣ ከ120 የሚበልጡት እንደሞቱ፣ አንድም እንዳልተማረከ እንናገራለን። ወታደር መዝገብ አለው። ጎጆው ውስጥ የተቃጠለ ባልቴት ግን መዝገብ የለውም።

ይህ ግን ሙሉ ምክንያት አይደለም። መንግሥት ከድል በኋላ ስለ ፋሺስት ወንጀሎች ማስረጃ አሰባስቦ በሁለት ቅጽ አሳትሞ ነበር። ሥራው የሚነቀፍ አይደለም፤ ዓላማው ግን ገዳዩን መክሰስ እንጂ ሟቹን በስሙ መጥራት አልነበረም። ክሱም አልሠመረም፤ ግራዚያኒ በ1950 እ.ኤ.አ. በሀገሩ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፣ ብዙም ሳይቆይ ተፈታ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በተባለች የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ቆመለት። ይህን ለመቃወም መጋቢት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ የተሰበሰቡትን ኢትዮጵያውያን ያሰረው የራሳቸው ሀገር ፖሊስ ነበር! ይህን ለልጁ ስነግረው ተርጉሜ የተሳሳትሁ መስሎት ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ።

አራት ኪሎ ስንደርስ ሚያዝያ 27ን ነገርሁት፤ ባዶሊዮ በ1928 የገባበት፣ ንጉሠ ነገሥቱም ልክ በአምስተኛ ዓመቱ የተመለሱበት ዕለት። ደርግ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፣ ኢሕአዴግ መለሰው። የሞቱት አንድ ሆነው ሳለ የመታሰቢያቸው ቀን እንደ ባለሥልጣን ይሻራል፣ ይሾማል። ቅድስት ሥላሴ ሲልቪያ ፓንክረስት ከአርበኞቹ አጠገብ መቀበሯን አሳየሁት። ፒያሳ ላይ ጣሊያን ነቅሎት የነበረውን የምኒልክን ሐውልት፣ ለባቡር ሐዲድ ሲባል በ2005 ተነሥቶ በ2008 የተመለሰውን የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት፣ በየካቲት 2016 የተመረቀውንም የዓድዋ መታሰቢያ አየን። የመጨረሻው ግዙፍነቱ ደስ ቢለኝም ግዙፍነት የማስታወስ መለኪያ ነው ብዬ አላምንም።

ትግላችን ሐውልት ስንደርስ መሽቶ ነበር። ደርግ በ1977 ያስመረቀው፣ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ለወደቁት ነው። ልጁ ቀይ ኮከቡን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም፤ በቀጥታ የሄደው ወደ ኩባውያኑ ፎቶግራፎች ነበር። ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከካሪቢያን ባሕር ማዶ መጥቶ ኦጋዴን ላይ የወደቀ ወጣት መልኩ እዚህ ይታያል።

ያን ጊዜ ነው የራሴ ዕፍረት የመጣው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በሰሜን ያለቀውን ወገናችንን አደራዳሪው ኦባሳንጆ እስከ 600 ሺሕ ሲያደርሱት ሌሎች ከዚያ እጅግ ያነሰ ይላሉ። ይህን በንግግርም በጽሑፍም ስወቅስ ከርሜያለሁ፤ መንግሥት ሙታኑን ይቍጠር፣ በስማቸው ይጥራ ብያለሁ። ነገር ግን በየካቲቱ ጭፍጨፋ የአያቴ ታላቅ ወንድም መገደሉን ከልጅነቴ ጀምሮ እያወቅሁ ስሙን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ማታ እናቴ ዘንድ ደወልሁ። አሰብ አደረገችና፣ አያቴ በየዓመቱ የካቲት 12 ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ለጸሎት ስሙን ለቄሱ ትሰጥ እንደነበር፣ እሷም ትከተላት እንደነበር ነገረችኝ። «ወልደ ሚካኤል ነው የክርስትና ስሙ» አለች። የዓለም ስሙን ግን አታስታውሰውም።