የገጸ ባሕርይ ጽናት በታሪካዊ ልብ ወለድ

በተከታታይ ቅጾች ታሪካዊ ልብ ወለድ የሚጽፍ ደራሲ ከባድ አደራ አለበት። ይኸውም በመጀመሪያው ቅጽ ያስተዋወቀንን ሰው በመጨረሻው ስናገኘው፣ ዕድሜና መከራ ቢለውጡትም እንኳ፣ ያው ሰው መሆኑን ማሳመን ነው።

ፈረንሳዊው ኤሚል ዞላ ከ1871 እስከ 1893 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው 20 መጻሕፍት የአንድን ቤተሰብ ትውልዶች ሲተርክ፣ የየገጸ ባሕርዩን ዕድሜ፣ መልክና ጠባይ የሚመዘግብበት ማስታወሻ ነበረው። ስለ ባቡር ሠራተኞች ሊጽፍ ባሰበው መጽሐፍ ውስጥ ነፍሰ ገዳይ እንዲሆን ያጨው ኤቲየን ላንቲየን ነበር። ዳሩ ግን ኤቲየን በ1885 እ.ኤ.አ. በወጣው «ዠርሚናል» የማዕድን ሠራተኞች አድማ መሪ ሆነ። ስለሆነም ዞላ በ1890 እ.ኤ.አ. ቀድሞ ያልነበረ ዣክ የተባለ ወንድም ፈጠረለት፤ የቤተሰቡንም የዘር ሐረግ አረመ።

በእኛ ሥነ ጽሑፍ ይህ ጥያቄ በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ጎልቶ ይታያል። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን አቀረበ፤ ከሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በኋላም በ«የታንጉት ምስጢር» ወደዚያው ዘመን ተመለሰ። አቤ ጉበኛም ያንኑ ንጉሥ በ«አንድ ለናቱ» ሥሎታል። ታሪክ ለእነዚህ ደራስያን የማይነቀነቁ ምሰሶዎች ተክሎላቸዋል፦ የ1847 ዓ.ም. የደረስጌ ንግሥ፣ የ1850 የእቴጌ ተዋበች ሞት፣ የሚያዝያ 1860 የመቅደላ ፍጻሜ። የቋራው ካሣና የመቅደላው ቴዎድሮስ አንድ ሰው ናቸው፤ ርኅራኄው ወደ ጭካኔ የዞረበትን ምክንያት ማሳየት ግን የደራሲው ድርሻ ነው። ጽናት ማለት አለመለወጥ አይደለም፤ ያለ ምክንያት አለመለወጥ ነው።

ከዚህ የሚከብደው የአብዮቱን ዋዜማ፣ መባቻና ማግሥት በሦስት ክፍል የተረከው የብርሃኑ «ማዕበል» ነው። ቴዎድሮስ ከሞተ መቶ ዓመት አልፎት ነበር፤ የ1966ቱ አብዮት ግን ገና ትኩስ ነበር፤ ትናንት የተወደሰው ዛሬ ይረሸን ነበር። ገዥው ታሪክን እንዳሻው በሚያርምበት ዘመን ገጸ ባሕርይን አጽንቶ መያዝ የጥበብ ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ፈተና ነው።

ፈተናው እኛንም ይመለከታል። መኢሶን በ1968 እ.ኤ.አ. በሐምቡርግ፣ ኢሕአፓ በ1972 እ.ኤ.አ. በበርሊን ሲመሠረቱ፣ ብዙዎቹ መሥራቾች በአንድ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ያደጉ ጓዶች ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዱ «ባንዳ»፣ ሌላው «አናርኪስት» ተብሎ ተፈረጀ፤ ደምም ፈሰሰ። የትናንቱ ጓድ እንዴት ጠላት እንደ ሆነ የሚያስረዳው ምዕራፍ ግን በየወገኑ ተዘለለ።

ስለሆነም የወደቁትን ወንድሞችና እኅቶች ታሪክ የምንጽፍ ሁሉ መዝገብ እንያዝ፤ ማን ምን እንዳለ፣ መቼና ስለ ምን እንደ ተለወጠ በታማኝነት እናስፍር። ልብ ወለድ ጸሐፊ ወንጀለኛ ቢያስፈልገው አዲስ ወንድም ይፈጥራል፤ የታሪክ ጸሐፊ ግን በእውን ከኖረው ሰው በቀር ሌላ የለውም።