ይሁንታ፦ ልጅቷ ራሷ ስትጠየቅ

«ኮንሰንት» የሚለው ቃል ሆስፒታል ለደረሰ ሰው እንግዳ አይደለም። ቀዶ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት በሽተኛው ወይም ቤተሰቡ የሚፈርምበት ወረቀት ነው፤ በአማርኛም «የስምምነት ቅጽ» ተብሎ ተለምዷል። «አሴንት» የሚባለው ታናሹ ግን የጸና ስም አልወጣለትም። ዕድሜዋ 18 ዓመት ያልሞላ ልጅ በሕክምና ጥናት እንድትሳተፍ ወላጇ ከፈቀደ በኋላ፣ ተመራማሪው ዞር ብሎ «አንቺስ ትፈልጊያለሽ?» ሲላት በራሷ አፍ የምትሰጠው አዎንታ ነው አሴንት። በዚህ ጽሑፍ «ይሁንታ» ተብሏል።

ሌሎች አማራጮች ነበሩ። ብዙ ጊዜ የወላጁም የልጅቷም ወረቀት «ስምምነት» ይባላል፤ ሁለቱ አንድ ስም ሲይዙ ግን አንዱ ከተፈረመ ሁለቱም ያለቁ ይመስላል። «እሺታ» ቀረብ ይላል፣ ለዛም አለው። ነገር ግን ጎጃም ውስጥ ጨዋ ልጅ ለትልቅ ሰው «እሺ» ስትል መታዘዟን እንጂ መፈለጓን አታሳይም። «ይሁንታ» በዜና የምክር ቤትና የቦርድ ነው፤ ይሁንታው የሚጠየቅ አካል መከልከልም ይችላል። ለ14 ዓመት ልጅ ከበደ የሚል ይኖራል። የተፈለገውም ክብደቱ ነው።

ቃሉ በደንብ የሚፈተነው በአፍላ ዕድሜ ላይ ባሉ ልጃገረዶች የሆርሞን ጥናት ነው። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም፣ ባጭሩ ፒሲኦኤስ፣ ስታይንና ሌቨንታል የተባሉ የቺካጎ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1935 የገለጹት ሕመም ነው። የወር አበባን ያዛባል፣ ፊት ላይ ፀጉርና ብጉር ያበዛል፣ አንዳንዷን ለማርገዝ ያስቸግራታል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑትን እንደሚይዝ ይገምታል። አስቸጋሪው የወር አበባ ገና በጀመራት ልጅ ላይ መለየቱ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዑደት መዛባቱም ብጉር ማውጣቱም ጤነኛዋ ላይ ያለ ነገር ነውና። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ ለአዋቂ ሴት የሚያገለግለው የኦቫሪ አልትራሳውንድ በአፍላ ዕድሜ ላይ ላለች ልጅ በሽታውን ለመለየት እንዳይውል ይመክራል። በእናቶች ላይ የተሠራ ጥናት ለልጆቻቸው አልበቃም። ልጆቹ ራሳቸው ሊጠኑ ይገባል፤ ለመጠናት ደግሞ ሊጠየቁ።

እንበልና አንድ ተመራማሪ በዳንግላ ወይም በእንጅባራ እንዲህ ያለ ጥናት ጀመረ። እናት ከስምንተኛ ክፍል ልጇ ጋር መጥታ ተቀምጣለች፤ ወረቀቱ ተነቦላት ፈርማለች። ጥያቄዎቹ ግን የልጅቷ ናቸው፦ የወር አበባሽ መቼ መጣ? በየስንት ቀኑ ነው? አገጭሽ ላይ ፀጉር ታያለሽ? ልጅቷ አቀርቅራለች። እናት ክርኗን ነካ አድርጋ «እሺ በያቸው እንጂ!» ትላለች። ልጅቷም «እሺ» አለች።

ይህ ይሁንታ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣችው የሕፃናት ጥናት ደንብ አሴንትን ሲፈታ፣ ልጁ አለመቃወሙ ብቻ እንደ መስማማት እንዳይቆጠር በግልጽ ይከለክላል፤ ልጁ አዎ ማለት አለበት። የዓለም ሕክምና ማኅበር የሄልሲንኪ መግለጫም ከአሳዳጊው ፈቃድ ሌላ የልጁ ይሁንታ እንዲጠየቅና እምቢታውም እንዲከበር ያዛል። አስተዋይ ተመራማሪ እናትን አመስግኖ ለትንሽ ጊዜ ደጅ እንድትቆይ ይለምናል፤ ልጅቷን ሴት ነርስ እንድታነጋግራት ያደርጋል። እናትን ማስወጣት ነውር የሚመስላት ትኖራለች። ምክንያቱ አስቀድሞ ከተነገራት ግን ቅሬታው ይቀንሳል።

ቋንቋውም አለ። ዳንግላና እንጅባራ ባሉበት አዊ ዞን ውስጥ አፉን በአዊኛ የፈታ ልጅ ብዙ ነው። በአማርኛ የተጻፈ ቅጽ ተነቦ «ገብቶሻል?» ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ አዎ ነው። «እስቲ አንቺ በራስሽ አነጋገር ንገሪኝ» ማለት ይሻላል፤ ልጅቷ በአዊኛ ስትተርከው የገባትና ያልገባት ወዲያው ይለያል።

ለጥናት ተሳታፊ የሚሰጠው «በጎ ፈቃደኛ» የሚለው ስያሜም ያደናግራል። ተማሪዎች ቃሉን የሚያውቁት ከክረምቱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ ከችግኝ ተከላና ከአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት ነው። ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ትምህርት ቤት ሲመጣ የሚያስታውሱት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረውን የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ይሆናል። ክትባቱ ለተከተበችው ልጅ ጥቅሙ የታወቀ አገልግሎት ነው። ጥናት ግን ገና መልሱ ያልታወቀ ጥያቄ ነው፤ ደም የምትሰጠው ልጅ ለራሷ ምንም ላታገኝ ትችላለች። የትራንስፖርት ወጪዋ ሊተካላት ይገባል፤ እንደ ደሞዝ ግን አይታሰብም።

ላታገኝ ትችላለች ማለት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የሆርሞን ሕመም ለደጋው ሰው አዲስ አይደለም፦ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት የታይሮይድ እጢን እብጠት ከጥንት እንደምናውቀው ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች 39.9 በመቶው እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። አንገታቸው የተዳሰሰው ልጆች እስከዚያ አድገው ነበር፤ ደንቡ የጠቀመው ይበልጥ ታናናሾቻቸውን ነው።

አጠያየቁን ራሱን አስቀድሞ ማጥናት እንደሚቻል ያሳየው ወላይታ ነው። በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር በባዶ እግር ከመሄድ ጋር የተያያዘው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ በዘር የሚመጣ ዝንባሌ እንዳለው ለመመርመር የተነሡት ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው መጀመሪያ ኅብረተሰቡን «እንዴት ብንጠይቃችሁ ይሻላል?» አሉ። በሽታው «የዘር ነው» ከተባለ ቤተሰቡ ሁሉ ይገለላል የሚለው ስጋት ወጣ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። የዘር ጥናቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንባብ በቅቷል። ፊቷ ላይ ፀጉር የበቀለባት ኮረዳ «ባል አታገኝም» በምትባልበት ቀበሌም ያው ስጋት አለ። ስለዚህ በጥያቄ ቅጹ ላይ ከስም ይልቅ የመለያ ቁጥር ይሰፍራል፤ ቃለ መጠይቁም ጎረቤት በማይሰማበት ክፍል ይደረጋል።

ይሁንታ አንዴ ተሰጥቶ የሚዘጋ ነገርም አይደለም። ልጅቷ በሁለተኛው ቀጠሮ «ይቅርብኝ» ካለች ትቀራለች፤ ምክንያት አትጠየቅም፣ በጤና ጣቢያው የምታገኘው ሕክምናም አይጓደልባትም። ጥናቱ ዓመታት ከወሰደና 18 ከሞላት ደግሞ የእናቷ ፊርማ አያገለግልም፦ አዲስ ቅጽ ይቀርብላታል፣ አሁን በራሷ ስም የምትፈርመው የስምምነት ቅጽ።