አንድ ዓይናው ሐኪምና የቆላው ዕጢ

እስቲ ጠጋ በሉ። ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ ንጉሥም ስለ ጦር ሜዳም አይደለም። የሕፃናትን መንጋጋ ስለሚያሳብጥ ዕጢ፣ ምሥጢሩንም ፍለጋ አፍሪካን በመኪና ስላቋረጠ ሐኪም ነው። ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ወደኛ የምመለስበት ቦታ ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

በ1957 ነው። ካምፓላ፣ ሙላጎ ሆስፒታል፣ የሕፃናት ክፍል ውስጥ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ፊቱ አብጦ ተኝቷል። የክፍሉ ሐኪም ሂዩ ትሮዌል ቢያይ ቢያይ ነገሩ አልገባህ ስላለው ቀዶ ሐኪሙን ዴኒስ ቡርኪትን አስጠራ። ቡርኪት መጥቶ የልጁን አፍ ከፈተ። እብጠቱ በላይኛውም በታችኛውም መንጋጋ፣ በቀኝም በግራም አለ። ጥርሶቹ መያዣ አጥተው ይወዛወዛሉ። መግል ቢሆን በአንድ ወገን ነው የሚቋጥረው፤ የታወቀው ዕጢም ቢሆን ከአንድ ቦታ ነው የሚነሳው። አራቱንም ማዕዘን ባንድ ጊዜ የሚይዝ ምን የሚሉት በሽታ ነው? ቡርኪት መልስ አልነበረውም። ልጁንም ማትረፍ አልተቻለም።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። ቡርኪት ለሥራ ወደ ጂንጃ ሄደ፤ ጂንጃ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣባት ከተማ ናት። እዚያ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ሲያይ ድንገት በመስኮት ወደ ውጭ ቢመለከት፣ አንድ ሕፃን ከእናቱ ጋር ሣር ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ያው ነው። ያው እብጠት፣ ያው አራት ማዕዘን። ወጥቶ መረመረው፤ ሆዱም ውስጥ ዕጢ አገኘ። አንዴ የታየ ነገር ብርቅ ተብሎ ይታለፋል፤ ሁለተኛው ሲመጣ ግን እንቅልፍ ይነሳል። እናትና ልጅን ይዞ ወደ ካምፓላ ተመለሰ።

ሰውዬው ማን ነው ትሉኝ እንደሆነ፣ አየርላንዳዊ ነው፤ በ1911 ኢኒስኪለን በምትባል ከተማ ተወለደ። በ11 ዓመቱ በደረሰበት አደጋ ቀኝ ዓይኑን አጣ። አባቱ መሐንዲስ ነበሩ። በትርፍ ጊዜያቸው የወፎችን እግር በቀለበት ምልክት እያደረጉ፣ የትኛዋ ወፍ የትኛውን ሠፈር እንደያዘች በካርታ ያሰፍሩ ነበር። ይህችን የአባት ልማድ ያዙልኝ፤ ልጁን ትልቅ ነገር ላይ ያደረሰችው እሷ ናት ባይ ነኝ።

ቡርኪት የሙላጎን የሬሳ ምርመራ መዝገብ ማገላበጥ ጀመረ። መንጋጋቸው ያበጠ ልጆች ብዙዎቹ ኩላሊታቸውም ጉበታቸውም ላይ ዕጢ ነበረባቸው። ለካ እስከዚያ ድረስ መንጋጋ ላይ ሲታይ የመንጋጋ፣ ኩላሊት ላይ ሲታይ የኩላሊት እየተባለ በየስሙ የተጻፈው ሁሉ አንድ በሽታ ኖሯል። በ1958 ይህንኑ በእንግሊዝ የቀዶ ሕክምና መጽሔት አሳተመ፤ ልብ ያለው ሰው ግን አልነበረም። በኋላ እነ ግሪጎሪ ኦኮነር በማይክሮስኮፕ አይተው ዕጢው ሊምፎማ መሆኑን አረጋገጡ። ሊምፎማ ማለት በሽታን ሊከላከሉ የተፈጠሩ ነጭ የደም ሕዋሳት ራሳቸው ካንሰር ሲሆኑ ነው።

ሌላው ሐኪም ቢሆን ለምን ይመጣል ብሎ ይጠይቅ ነበር። ቡርኪት ግን «የት ይገኛል?» አለ። የታመሙ ልጆችን ፎቶ በወረቀት አሳትሞ፣ ከ1,000 በላይ ቅጂ በመላው አፍሪካ ላሉ የመንግሥትና የሚሲዮን ሆስፒታሎች ላከ፤ እንዲህ ያለ ልጅ አይታችኋል? መልስ የመጣበትን ቦታ ሁሉ ካርታው ላይ በነጥብ አሰፈረ። ነጥቦቹ ሲበዙ አፍሪካን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ መሐል ወገቧ ላይ የሚያስታጥቅ መቀነት ሠሩ፤ ጫፉም በምሥራቁ ዳርቻ ወደ ሞዛምቢክ ወረደ። ታዲያ ድንበሩን ያሰመረው ምንድን ነው? ይህን ደብዳቤ አይመልስም፤ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

በጥቅምት 1961 ከሁለት ሐኪሞች፣ ከቴድ ዊልያምስና ከክሊፍ ኔልሰን ጋር፣ አሮጌ ፎርድ መኪና ገዝተው ከካምፓላ ወደ ደቡብ ተነሱ። አሥር ሳምንት፣ 16,000 ኪሎ ሜትር ገደማ! የዚያን ዘመን መንገድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በዝናብ ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው። በየሆስፒታሉ እየቆሙ ፎቶውን ያሳያሉ፣ አይተናል ወይም አላየንም የሚል መልስ ይዘው ይነሳሉ። የሰበሰቡትን ሲደምሩት ነገሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ዕጢው ከፍታ ይፈራል! ከምድር ወገብ አጠገብ ከ1,500 ሜትር በላይ አይገኝም። ወደ ደቡብ እየራቁ ሲሄዱ ድንበሩ ወደ 900 ሜትር ይወርዳል፤ ሞዛምቢክ ላይ ከ300 ሜትር ብዙ አያልፍም።

ከፍታውን በሙቀት የተረጎመላቸው በኢንቴቤ የቫይረስ ምርምር ተቋም የነበረው አሌክሳንደር ሃዶው ነው። ሃዶው ቢጫ ወባንና ትንኞችን ሲያጠና የኖረ ሰው ስለሆነ ካርታውን ሲያይ የትንኝ አገር መሆኑን ለየው፤ ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ የማይወርድበት፣ ዝናቡ የማይታጣበት ቆላ ነው። እንግዲያው ትንኝ አንዳች ቫይረስ ትሸከማለች፣ ቫይረሱም ካንሰር ያመጣል ተባለ። ትንኟ ተከሰሰች።

አሁን ወደ ለንደን እንሻገር። ጉዞው ከመጀመሩ በፊት፣ በመጋቢት 1961፣ ቡርኪት ሚድልሴክስ ሆስፒታል ንግግር አድርጎ ነበር። ከአድማጮቹ አንዱ አንቶኒ ኤፕስታይን ይባላል፤ ዶሮ ላይ ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ የሚመረምር ወጣት ሳይንቲስት ነው። ዕጢው ሙቀትና ዝናብ ሳይከተል አይቀርም የሚለውን የመጀመሪያ ግምት ሲሰማ፣ የአየር ንብረት የሚከተል ካንሰር ካለ ከኋላው ሕይወት ያለው ነገር መኖር አለበት ብሎ አሰበ። ከዚያ ወዲህ የዕጢ ናሙና ከካምፓላ በአውሮፕላን ይላክለት ጀመር። ከሁለት ዓመት በላይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቢያይ ምንም የለም። ሰው የሚተወው እዚህ ላይ ነው።

በታኅሣሥ 1963 ለንደን በጉም ተዘጋች። ናሙና የጫነው አውሮፕላን ወደ ማንቸስተር ዞረ፤ ጠርሙሱ ኤፕስታይን እጅ ሲገባ ቀኑ መሽቷል፣ ፈሳሹም ደፍርሷል። የደፈረሰ ናሙና በባክቴሪያ ተበላሽቷል ተብሎ ይደፋል። እሱ ግን ከመድፋቱ በፊት ጠብታ ወስዶ ቢያይ ባክቴሪያ የለም፤ ያደፈረሱት በጉዞው መንገጫገጭ ከዕጢው ተላቀው የተንሳፈፉ ሕያው የካንሰር ሕዋሳት ናቸው። ሳይንገጫገጭ በሰዓቱ ደርሶ ቢሆን ይህ ዕድል ያመልጠው ነበር። ሕዋሳቱን ከኢቮን ባር ጋር አራባቸው። በየካቲት 1964 በማይክሮስኮፑ ሥር ቫይረሱ ታየ። ኤፕስታይን ጨረሩ ናሙናውን እንዳያቃጥልበት ማሽኑን አጥፍቶ፣ ካፖርት እንኳ ሳይደርብ በረዶ ላይ ወጥቶ አካባቢውን ዞሮ መጣ ይባላል። በመጋቢት ከባርና ከትሪኒዳዱ ተወላጅ ከበርት አቾንግ ጋር አሳተሙት። በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል የተባለ የመጀመሪያው ቫይረስ ይኸው ነው፤ ስሙም ኤፕስታይን-ባር ሆነ። (የአቾንግ ስም ለምን እንደቀረ እኔም ይገርመኛል።)

ነገሩ አለቀ አትበሉ፤ ገና መጠላለፉ ነው። ፊላደልፊያ የነበሩት ባልና ሚስት ቨርነርና ገርትሩድ ሄንለ ደም ሲመረምሩ፣ ይህ ቫይረስ ያልገባበት ሰው ማግኘት ቸገራቸው። ዛሬ እንደምናውቀው ከዓለም አዋቂዎች ከመቶ ከ90 በላዩ ይሸከመዋል፤ እኔም እናንተም ሳይኖርብን አይቀርም። የሚተላለፈውም በምራቅ እንጂ በትንኝ አይደለም። ሁሉም ሰው ካለው፣ ካንሰሩ ለምን በተለይ የቆላ ሕፃናትን ይመርጣል?

ትንኟ ጥፋተኛ ናት፤ ጥፋቷ ግን የተከሰሰችበት አልነበረም። ቫይረስ ሳይሆን ወባ ነበር የምትሸከመው። ይህንን በ1960ዎቹ ጊልበርት ዳልዶርፍ የተባለ ተመራማሪ ሲናገር ቡርኪትም ተቀበለው፤ ማስረጃም ነበረው። ወባን ባስታገሱት የዛንዚባር ደሴቶች፣ ሙቀትና ዝናብ ሳይጎድላቸው፣ ዕጢው ብርቅ ነበር። ወባ ከሌለበት የሩዋንዳና የቡሩንዲ ደጋ ወደ ኡጋንዳ ቆላ የፈለሱ ሰዎች ደግሞ፣ ከተወላጁ ልጅ ከፍ ባለ ዕድሜ ይታመሙ ነበር። ዕጢው የሚቆጥረው ዕድሜያቸውን ሳይሆን ወባ አገር የኖሩበትን ዘመን ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ወደኛ ልመለስ። ወባ ደጋ አይወጣም የሚለውን አባቶቻችን ያለ ካርታ ያውቁታል። ቡርኪት ጽሑፉን ባሳተመበት በ1958፣ በኛ ከ1950 መጨረሻ እስከ 1951 መጀመሪያ፣ ወባ ያንን ልማድ ጥሶ የኢትዮጵያን ከፍታ ቦታዎች መታ፤ ሦስት ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ይህን ያህል ሰው የጨረሰ ወባ ግን ስለዚህ ዕጢ ስናወራ ዋናው አይደለም። የኛ አገር ወባ በብዛት ክረምት ሲወጣ የሚመጣ፣ ከዚያ የሚበርድ ነው፤ ሰውነት ስለማይለምደው አዋቂውንም ይጥላል። ዕጢውን የሚያበረታው ወባ ከእናት ጡት ጀምሮ ዓመት ከዓመት የማይለቅ ነው፤ እንደ ኡጋንዳ ቆላ፣ እንደ ኬንያ ሐይቅ ዳር። ከኛ አገር ለዚህ ይበልጥ የሚቀርበው እንደ ጋምቤላ ያለው ቆላ ነው።

ቫይረሱና ወባው በልጁ ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራሉ? ቫይረሱ በሕፃንነቱ ይገባና ቢ ሕዋስ በሚባሉት ውስጥ ይደበቃል። እነዚህ ሕዋሳት ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱ ናቸው፤ ለዚያም ሲሉ የራሳቸውን ዘረመል ይቆርጣሉ፣ ይቀጥላሉ። ወባ በተመላለሰ ቁጥር ይህ ሥራ ዕረፍት ያጣል። ቆረጣው ሲበዛ አንድ ቀን ስሕተት ይፈጠራል፤ የስምንተኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ሄዶ ከአሥራ አራተኛው ጋር ይጋጠማል። በቁራጩ ላይ ሚክ የሚባል፣ ሕዋስን ተባዛ ብሎ የሚያዝ ዘረመል አለ፤ በአዲሱ ቦታው ትእዛዙን የሚያስቆመው የለም። ጤነኛ ሕዋስ እንዲህ ሲበላሽ ራሱን ያጠፋል፤ ቫይረሱ ግን እንዳይሞት ይደግፈዋል። በዚያ ላይ ወባ ቫይረሱን የሚቆጣጠሩትን ቲ ሕዋሳት ያዳክማል። በኬንያ፣ ወባ በማይለቀው በኪሱሙና ደጋ በሆነው በናንዲ ያሉ ሕፃናት ሲነጻጸሩ የታየው ይኸው ነው፤ የኪሱሙዎቹን ቫይረሱ ቀድሞ ይይዛቸዋል፣ መቆጣጠሪያቸውም ይላላል። በ2015 ደግሞ በወባ የታመሙ አይጦች ላይ የዘረመሉ መሰበርና ሊምፎማው ሲፈጠር ታየ።

በሰው ላይ የመጨረሻውን ፍርድ መስጠት ግን ከባድ ሆኗል። በታንዛኒያ ሰሜን ማራ ከ1977 እስከ 1982 ለሕፃናት ክሎሮኪን የተባለ የወባ መድኃኒት እየታደለ ዕጢው ይቀንስ እንደሆነ ታየ። ቀነሰ፤ ግን መቀነስ የጀመረው ዕደላው ሳይጀመር ነበር፤ ወባውም መድኃኒቱን ለመደና ተመለሰ። ስለዚህ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ቫይረሱን ካንሰር አምጪ ብሎ ሲፈርጀው፣ የማይለቀውን ወባ ደግሞ ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት ተርታ አስገብቶታል። እኔ ብጠየቅ፣ ከካርታውና ከሕዋሱ ላይ ከታየው በኋላ የወባ እጅ የለበትም ብሎ የሚከራከር ሰው ብዙ ይከብደዋል እላለሁ።

ቡርኪት በኋላ ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ስለ ፋይበር የበዛበት ምግብ ጥቅም በመስበክ ዝነኛ ሆነ፤ በ1993 አረፈ። ኤፕስታይን 102 ዓመት ኖሮ በ2024 ሞተ። ከወባ ክትባቶች የመጀመሪያው በ2019 በጋና፣ በኬንያና በማላዊ መሰጠት ጀመረ፤ ያኔ የተከተቡት ሕፃናት ዕጢው ወደሚበረታበት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ዕድሜ የደረሱት ገና አሁን ነው። ወባው የቀነሰላቸው ልጆች ዕጢውም ይቀንስላቸው እንደሆነ ከእነሱ እናያለን።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አልነሳም። ቡርኪት የጨረር ሕክምና በሌለበት አገር የካንሰር መድኃኒት ሲሞክር፣ አንዳንዱ ልጅ በጥቂት መርፌ ብቻ እብጠቱ ጠፍቶ ሲድን አየ፤ ዛሬም ሀብታም አገሮች ከአሥር ልጆች ዘጠኙን ያድናሉ። የኛን አካባቢ ልጆች የሚገድላቸው ብዙ ጊዜ መዘግየት ነው፤ ዕጢው በአንድ ሁለት ቀን እጥፍ ይሆናልና። ቆላ የምትኖሩ፣ ቆላ ዘመድ ያላችሁ፣ በጤና ጣቢያ የምትሠሩ፦ የልጅ መንጋጋ አብጦ ጥርሱ ሲወዛወዝ፣ ሆዱም ሲነፋ ካያችሁ፣ ጥርስ ነቃይ ዘንድ አትውሰዱት፣ ሳምንትም አትጠብቁ። በዚያው ቀን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ውሰዱት።